ለሁለት ሙሽራ ሁለት ሳህን

መጀመሪያ የተሰማው የጠርሙስ ድምፅ ነው። ከታች፣ ከደረጃው መታጠፊያ፣ ወፍራም ብርጭቆ ከወፍራም ብርጭቆ ጋር ሲነካካ፤ ቅጭል፣ ትንሽ ዝም፣ እንደገና ቅጭል። የተሸከመው ሰው ገና አልታየም። ብሩሾቿን ንጹህ ፎጣ ላይ ትደረድር የነበረችው ቀቢዋ እጇን ገታ አድርጋ አዳመጠች። የፋርማሲ መዋቢያ እንዲህ አይጮኽም። እሱ ፕላስቲክ ስለሆነ ቦርሳ ውስጥ ኮሽ ኮሽ ይላል እንጂ እንዲህ ያለ የጨዋ ድምፅ የለውም። ውድ መሆኑን ሳታየው አወቀችና በራሷ ሳቀች። ልዩነቱማ በጆሮ ይታወቃል አለች በልቧ።

ሹፌሩ እያለከለከ በሩ ላይ ብቅ አለ። ጥቁር ሣጥን እንደ አራስ ልጅ ታቅፏል። ከሁለቱ ሙሽሮች የትልቋ አማት እንደላኩት፣ በቀቢዋ እጅ እንጂ በሌላ በማንም እጅ እንዳይሰጥ መታዘዙን ተናግሮ፣ የት ላስቀምጠው በሚል ዓይን ክፍሉን ቃኘ። ማስቀመጫ ቦታ ግን ከየት ይምጣ። ክፍሉ የሙሽሮቹ እናት የስፌት ክፍል ነው። ወለሉ ቁርጥራጭ ጨርቅ፣ ግድግዳው የክር ጥቅል፣ ጥጉ ላይ ራስ የሌላት የልብስ መለኪያ አሻንጉሊት፤ መስኮቱ ሥር ደግሞ የስፌት መኪናው ከነጠረጴዛው፣ ከጎኑም ሰፊ መስታወት። ቀቢዋ ይህን ክፍል የመረጠችው ለመስኮቱ ስትል ነው። አምፖል ሰውን ይሸነግላል፣ የቀን ብርሃን ግን ይሉኝታ የለውም ትላለች።

ቀቢዋ የሚለውን ስም ያወጣላት ሰፈሩ ነው። አባቷ ቤት ቀቢ ነበሩ። እሷ የሙሽራ ፊት ማስዋብ ስትጀምር ጎረቤቶቿ፣ አባት ግድግዳ ልጅ ጉንጭ፣ ሥራው ከቤተሰቡ አልወጣም እያሉ ሳቁባት። ቀልዱ ስም ሆኖ ቀረ፤ እሷም አልጠላችውም። እንዲያውም ደንበኞቿ «ቀቢዬ» እያሉ ሲያቆላምጧት ደስ ይላታል።

የዛሬዎቹ ሙሽሮች መንትዮች ናቸው። እናታቸው ትልቋና ትንሿ እያሉ ነው ያሳደጓቸው። በመካከላቸው ያለው ዕድሜ አንድ ሻይ ተፈልቶ እስኪጠጣ እንኳን አይሞላም፤ ትልቋ ወጥታ ዞር ብላ «ነይ እንጂ» ብላ እስክትጣራ ነው ይላሉ እናታቸው። ያው ዓይን፣ ያው አፍንጫ፣ ሲስቁ ያው በግራ ጉንጭ የሚሰረጉድ ዲምፕል። ሕፃናት ሳሉ አንዷን ሁለቴ አብልተው ሌላዋን ጦሟን ያሳደሯት ጎረቤት እስከዛሬ ይቀለድባቸዋል። እንደ ፊታቸው ሁሉ ሠርጋቸውም አንድ ቀን፣ አንድ አዳራሽ ነው። ባሎቻቸው ግን እንደ ሰማይና ምድር የተራራቁ ናቸው። የትልቋ ሙሽራ የታወቀ የቤት ዕቃ መደብር ያላቸው ወይዘሮ ልጅ ነው፤ ትሑት፣ ፈገግተኛ፣ ስልኩ ከእጁ የማይለይ። የትንሿ ፍሪጅ ሠሪ ነው። የእናታቸውን ፍሪጅ ሊጠግን መጥቶ አያት፤ ከዚያ በኋላ ያ ፍሪጅ ስንት ጊዜ እንደተበላሸና ስንት ጊዜ እንደተጠገነ የሚያውቀው ፍሪጁ ራሱ ብቻ ነው።

መንትዮቹ የተመኙት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ማንም ሳይለያቸው ጎን ለጎን መቆም። እናታቸውም ሁለቱን ቀሚስ ከአንድ ጥቅል ጨርቅ ቆርጠው፣ በአንድ መርፌ ሰፍተው፣ እስከ ክርን የሚደርስ ጓንት ሳይቀር እኩል ሠርተውላቸዋል። የትልቋ አማት ከውጭ ቀሚስ ላስመጣ ብለው ብዙ ታግለው ነበር። ኋላ የእናት እጅ ነው፣ ምን ይባላል ብለው ቀሚሱን ተዉት። ፊቱን ግን አልተዉትም። ለቀቢዋ ስልክ ደውለው፣ ሣጥኑ ለምራታቸው ፊት ብቻ እንደሆነ፣ ጠብታ እንኳን ወደ ሌላ እንዳይሄድ፣ በዚህ ሥራ ካስደሰተቻቸው የዘመድ አዝማዱን ሠርግ ሁሉ ለእሷ እንደሚያደርጉ ነገሯት። ስልኩን ከመዝጋታቸው በፊትም «ልዩነቱ እንዲታይ ነው የምፈልገው» አሉ።

ትልቋ ሣጥኑ ሲመጣ ለሁለት እንካፈለው ብላ እህቷን ለምና ነበር። ትንሿ አሻፈረኝ አለች። እሷ ጥግ ካለው ፋርማሲ የገዛችው ፋውንዴሽን አላት፣ ፊቷ ይህንኑ ነው የሚያውቀው፤ ደግሞ ነገ ሴትዮዋ ፎቶውን አይተው «በዕቃዬ የተቀባውን አገጭ መልሺልኝ» ቢሏት ምን ትመልሳለች። ይህን ስትል ቤቱ ሁሉ ሳቀ። ትልቋ ግን ከንፈሯን ብቻ ነው ያላቀቀችው።

ቀቢዋ የዚያን ሳቅ ነገር ታውቃለች። ባለፈው ሳምንት ትልቋ ለሙከራ ብላ ብቻዋን የቀቢዋ የውበት ሳሎን መጥታ ነበር። ፊቷ ላይ ገና ክሬም እየተቀባ ሳለ፣ ዓይኗን እንደጨፈነች፣ የሌላ ሰው ታሪክ እንደሚያወራ ሰው አወራች። እጮኛዋ ደረጃው ላይ ትንሿን አግኝቶ፣ ትከሻዋን አቅፎ፣ ስለሚገቡበት ቤት መጋረጃ ብዙ አዋርቷታል። ትንሿ ደግሞ ቀልድ አያመልጣትምና ዝም ብላ ሰምታው፣ አረንጓዴው ይሻላል ብላ ምክር ጨምራ፣ ማታ ለቤተሰቡ በሙሉ ተረከችው። ሁሉም በሳቅ ሞተ። እሱም ሲነገረው ሳቀ። ትልቋም ሳቀች። ሰው እንደዚያ ይሳሳታል፤ አክስቶቻቸውም ይሳሳታሉ። ያ ፍሪጅ ሠሪ ግን አንድ ቀን ተሳስቶ አያውቅም። በጀርባ ያውቃታል፤ በሳል ያውቃታል፤ በጨለማ ደረጃ ላይ ስትወርድ በኮቴዋ ያውቃታል። ትልቋ ይህን ተናግራ ዓይኗን ገለጠች።

«ቀቢዬ፣ ይሄ ውድ ነው የሚሉት ነገር፣ እውነት ልዩነቱ ይታያል?»

ቀቢዋ ለዚህ ጥያቄ ለዓመታት ያላመጠችው መልስ አላት፤ ሳታስበው አፏን ሞልታ «እንዴታ፣ በሩቁ ነው የሚታየው» አለች።

«እሱም ያየዋል?»

እሱም ያያል አለቻት። ሌላ ምን ትበል። ልጅቱ እፎይ ብላ ዓይኗን መልሳ ጨፈነች። ማታ ቀቢዋ ብሩሾቿን ስታጥብ ስለ ነገሩ በእውነት አሰበች። ውዱ ይታዘዛል፤ ስፖንጁ ሲነካው ሳይጎተት ይሄዳል። ይሸታል፣ ጥሩ ሽታ። ጠርሙሱ እጅ ላይ ይከብዳል። ከሁሉ በላይ ግን፣ የተቀባችው ሴት ውድ መሆኑን ስታውቅ አንገቷ ቀና ይላል፤ ትከሻዋ ይከፈታል፤ ሰው የሚያየውም ምናልባት ያንን ነው። ሲመሽ አፍንጫ አካባቢ ውዱ ትንሽ ይቆይ ይሆናል። ከዚያ ውጭስ? አንድ ጠረጴዛ ያህል ራቅ ብሎ ለተቀመጠ ሰው? ለፎቶ? እውነቱን ለመናገር ፈትሻው አታውቅም። እንዴት ትፈትሸው፤ አንዷ ደንበኛ ወዛም፣ ሌላዋ ደረቅ፣ አንዷ ያልተኛች፣ ሌላዋ ያኮረፈች። ሁለት አንድ ዓይነት ፊት ከየት ይገኛል።

አሁን እነሆ ሁለቱም ፊቶች መስኮቱ ፊት ለፊት ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ይጠብቋታል።

ቀቢዋ ከጠርሙስ በቀጥታ ቀብታ አታውቅም። ሁሉንም ነገር መጀመሪያ ብረት ሳህን ላይ ታወጣና፣ ጠቆር ያለውንና ፈካ ያለውን በትንሽ መቀየጫ እያዋሃደች ከምትቀባው ሰው ቆዳ ጋር ታስማማዋለች። አባቷም ግድግዳ ከመንካታቸው በፊት ቀለሙን በጣሳ ክዳን ላይ እንዲሁ ያደርጉ ነበር። ስለዚህ ሁለት ሳህን አወጣች። በአንዱ የሣጥኑን፣ በሌላው የፋርማሲውን። የመንትዮቹ ቆዳ አንድ ስለሆነ ሁለቱን ቅይጥ ያለ አንዳች ልዩነት እስኪመሳሰሉ ድረስ አስማማቻቸው፤ በሁለቱም ላይ ከራሷ ዘይት ጠብ አደረገችባቸው፤ ያ ዘይት የእሷ ሙያዊ ምስጢር ነው፣ ሽታውም ሌላውን ሁሉ ይውጣል። ሳህኖቹንም በየሙሽራዋ ትይዩ፣ የትልቋን በቀኝ የትንሿን በግራ፣ የስፌት መኪናው ጠረጴዛ ላይ አኖረቻቸውና ፀጉራቸውን ልትጨርስ ከኋላቸው ዞረች።

በዚህ መሃል የትንሿ ጫማ ተረከዝ የቀሚሷን ጠርዝ ይዞ ቀደደው። እናታቸው መርፌ በጥርሳቸው እንደያዙ እየተጣደፉ ገቡ፤ የተቀደደውን አይተው፣ ልጃቸውን በዓይናቸው ገስጸው፣ መኪናቸውን ፈለጉት። መኪናው ላይ ሁለት ሳህን አለ። እናት ለስፌት መኪናቸው ቀናተኛ ናቸው፤ ማንም ምንም እንዲያስቀምጥበት አይወዱም። ሳህኖቹን አንስተው መስኮቱ ደፍ ላይ አደረጓቸው፣ ጠርዙን ዘመዘሙት፣ ክሩን በጥርሳቸው በጠሱት፣ ሳህኖቹንም የቀኙን ከግራው ሳይለዩ ወደ ጠረጴዛው መልሰው፣ እንዳይረፍድባችሁ ቶሎ በሉ ብለው ሄዱ። ቀቢዋ የመኪናውን ድምፅ ሰምታ ነበር። አፏ በፀጉር ሽቦ ተሞልቶ ስለነበር ግን አልተናገረችም፤ ቀና ብላም አላየችም።

ስፖንጇን አንስታ ወደ ሳህኖቹ ስትዘረጋ ነው እጇ አየር ላይ የቀረው። የትኛው የትኛው ነው?

ጎንበስ ብላ አሸተተች። የራሷ ዘይት ሸተታት፤ በላዩ ላይ ደግሞ ክፍሉን የሞላው የፀጉር ስፕሬይ። ከአንዱ በጣቷ ወስዳ በግራ እጇ ጀርባ፣ ከሌላው በቀኝ እጇ ጀርባ ቀባችና መስኮቱ ጋ ሄደች። ሁለቱን እጆቿን አጠገብ ላጠገብ ዘርግታ አየች። ወደ ብርሃኑ አዞረቻቸው፤ ከብርሃኑ አዞረቻቸው። በውጭ በኩል ላየ ሰው ወፍ የምታባርር ትመስላለች። ያ ይሉኝታ የለውም ያለችው የቀን ብርሃን ሁለቱንም እጅ እኩል እያበራ ዝም አለ። ለዓመታት በሩቁ ነው የሚታየው ያለችው ነገር ከአፍንጫዋ ሥር ሆኖ አልታያት አለ። ያፈረችው በመሳሳቷ አይደለም። ሳህን ይቀየራል። ያፈረችው እጇን አይታ ባለማወቋ ነው።

መንትዮቹ በመስታወቱ ውስጥ ያዩዋት ነበር። ነገሩ ቀድሞ የገባት ትንሿ ናት። ሳቋን በእጇ አፍና፣ አማትየዋ ይህን ቢሰሙ ሹፌሩን ልከው ቀለሙን ከፊቴ ላይ ያስፍቁታል አለች። ቀቢዋ ሁለቱንም ሳህን ጠርጋ እንደ አዲስ ልታወጣ ጥቁሩን ሣጥን ከፈተች።

ትልቋ ክንዷን ያዘቻት።

«ተዪው» አለች።

ቀቢዋ ልጅቱ ያልገባት መስሏት፣ የቱ የማን እንደሆነ መለየት እንዳቃታት፣ እንደ አዲስ ብትጀምር ብዙ እንደማይቆዩ ማስረዳት ጀመረች።

«ገብቶኛል። እንደመጣ ቀቢን።»

ትንሿ ሳቋን አቋረጠች። እህቷን በመስታወቱ ውስጥ ሳይሆን ዞራ በቀጥታ አየቻት። ለምን ብላ ልትጠይቅ አፏን ከፍታ ነበር፤ ምን እንዳየች አይታወቅም፣ መልሳ ዘጋችው። ከእናት ማህፀን ጀምሮ አብረው የኖሩ ሰዎች ብዙ ነገር የሚነጋገሩት በዚህ ዓይነት ነው። ቀቢዋም ባለፈው ሳምንት ዓይኗን ጨፍና ያወራችውን ልጅ አስታወሰች። ያን ጊዜ ልዩነቱ እንዲታይ ፈልጋ ነበር። አሁን ደግሞ ሣጥኑ ሳያግዘው እጮኛዋ ያያት እንደሆነ ማወቅ ነው የፈለገችው። ቀቢዋ ያን ቀን «እሱም ያያል» ባትላት ኖሮ ይህ ሁሉ ይመጣ ነበር? ሣጥኑን ዘጋችው።

ቀባቻቸው። እጇ እንዲህ ተጠንቅቆ ሠርቶ አያውቅም። ለአንዷ ያደረገችውን ለሌላዋ፣ ያው የስፖንጅ ምት፣ ያው የፓውደር ብናኝ፣ ዓይናቸው ላይ ያው ኩል፣ ከንፈራቸው ላይ ያው ቀለም። እየሠራችም ፊቶቹን እየመረመረች ነበር፤ አንዷ ትደምቃለች፣ አንዷ ትለሰልሳለች እያለች ጠበቀች። አንዴ ትልቋ የደመቀች መሰላት። ደመናው ከፀሐዩ ላይ ሲገፈፍ ደግሞ ትንሿ። ጓንታቸውን አጥልቀው፣ ቀለበታቸው ከጓንቱ ሥር ተደብቆ፣ ጎን ለጎን ሲቆሙ ቀቢዋ ራሷ ለአፍታ ግራ ገባት። ከዚያ አንደኛዋ መስታወቱ ላይ ምላሷን አወጣች፤ እሷ ትንሿ ናት።

አማትየዋ ሽቶአቸው ቀድሟቸው ደረሱ። አንዲት አክስት አስከትለዋል፤ የመንትዮቹም እናት መርፌያቸውን ደረታቸው ላይ እንደሰኩ ከኋላ ገቡ። አማትየዋ በሩ ላይ ቆም አሉ። ዕቃ ሲገዙ እንደለመዱት አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ከእግር እስከ ራስ አንዷን አዩ፣ ከእግር እስከ ራስ ሌላዋን አዩ። ፊታቸው ፈካ። እጃቸውን ዘርግተው ቀጥ ብለው ሄዱና ትንሿን አቀፏት።

«አላልኳችሁም? ይኸው ይታያል።»

ሽቶአቸው ትንሿን አስነጠሳት። እሳቸው ግን ትከሻዋን እንደያዙ ወደ አክስትየዋ ዞረው ማስረዳት ጀምረው ነበር። ይቺ ፊቷ ከውስጥ ነው የሚያበራው፤ ቆዳዋ ውሃ እንደጠገበ ነው፤ ያቺኛዋም ታምራለች፣ ቆንጆ ናት፣ ምን ይወጣላታል፤ ግን ልብ ብላችሁ እዩ፣ ግንባሯ ላይ ዱቄቱ ቁጭ ብሎ ይታያል፣ ርካሽ ነገር ሁልጊዜ እንዲህ ቁጭ ይላል። አክስትየዋ መነጽራቸውን ከቦርሳ አውጥተው አደረጉና፣ እውነትም ብለው፣ ልዩነቱ እሳቸው ከደረጃው ሳሉ እንደታወቃቸው ጨመሩበት። ያቺኛዋ የተባለችው ትልቋ ነበረች። ራስ የሌላት አሻንጉሊት አጠገብ ቆማ፣ ስለ ግንባሯ የሚባለውን በጥሞና ሰማች።

እናትማ ልጆቻቸውን ያውቃሉ። አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ ትልቋ አየቻቸው፤ ዝም ብላ ማየት ብቻ። እናት ወንበር ስበው መኪናቸው አጠገብ ተቀመጡና እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣመሩ። ትንሿ በአማትየዋ ክንድ ሥር ሆና ለመጀመሪያ ጊዜ ቀልድ አጣች። ዓይኗ እህቷን ይለምን ነበር፤ ልናገር? ትልቋ ራሷን በጣም በትንሹ ነቀነቀች፤ ቆይ እንደማለት።

ቀቢዋ ግድግዳውን ተጠግታ፣ ብሩሽ በእጇ እንደያዘች፣ የምትጠብቀውን ታውቃለች። ትልቋም እሱኑ እየጠበቀች ነው። ሴትዮዋ መሳሳታቸውስ ይሁን፣ እሳቸው የሚያገቧት አይደሉም። የሚያገባት ገና ደረጃ ላይ ነው። ኮቴ ይሰማል፤ ሁለት ወንዶች እየተሳሳቁ ይወጣሉ፤ አንደኛው ስልክ ያናግራል።

በሩ ሲከፈት ትልቋ ሳታውቀው ቀና አለች። እጇን አላነሳችም፣ አልሳቀችም፣ ምልክት አልሰጠችም። ዝም ብላ ቆማ ፊቷን ብቻ ሙሉ በሙሉ ሰጠችው። ከርካሹ ይሁን ከውዱ ማንም የማያውቅ ቀለም ከላዩ፣ ከሥሩ የራሷ ፊት።

የመደብሩ ልጅ እቅፍ አበባ ይዞ ገባ። ስልኩን ወደ ኪሱ እየከተተ ክፍሉን አየ። ዓይኑ ትልቋ ላይ ያረፈ መሰለ። ዓይኑ አላረፈም፤ አለፈ። እናቱን ፈለገ። እናቱ ያቀፏትን አየ። ፈገግ አለና ሄዶ አበባውን ለትንሿ ሰጣት፤ ግንባሯንም፣ ቀለሙ እንዳይበላሽ ተጠንቅቆ፣ ሳም አድርጎ «እንዴት አምሮብሻል» አላት። የእውነቱን ነበር። ድምፁ ውስጥ ፍቅር ነበረበት፤ ክፋቱም ይሄው ነው።

ፍሪጅ ሠሪው ገና የበሩን ደፍ አልተሻገረም። ከልኩ የሰፋ ኮቱ ውስጥ ቆሞ ሁኔታውን በአንድ ዓይን አየና ሳቁን ለቀቀው።

«ወንድሜ፣ በር ተሳስተሃል። እሷ የኔ ናት።»

ትንሿ «ቶሎ አትልም ነበር» ብላ አበባውን እንደያዘች ወደ እሱ ሮጠች። ሁሉም በአንድ ጊዜ ሳቀ። አክስትየዋ መነጽራቸውን አውልቀው ሳቁ። የመደብሩ ልጅ ግንባሩን በመዳፉ መታና፣ ምን ላድርግ፣ መልካቸው አንድ እኮ ነው፣ እኔ ብቻ ነኝ ወይ የምሳሳተው እያለ፣ እየቀላ እየሳቀ፣ ምስክር እንደሚፈልግ ሰው ወደ ሁሉም ዞረ። አማትየዋ ከሁሉ በላይ ሳቁ፤ ሲስቁ ግን ጣታቸው ቀቢዋን ያመለክት ነበር። ጥፋተኛዋ እሷ ናት፤ ልዩነቱ እንዲታይ ብዬ ነግሬያት አልነበር፣ ዕቃውን ለማን እንደቀባች እሷ ትንገረን አሉ። ቀቢዋ ልትመልስ አሰበች። የትኛው የማን ፊት ላይ እንዳለ አታውቅም። አውቃለሁ ብትልስ ምን ይለወጣል።

አበባው ከትንሿ እጅ ተወስዶ፣ በሙሽራው እጅ በኩል፣ በብዙ ይቅርታና በብዙ ሳቅ ለትልቋ ደረሰ። ተቀበለችው። ለትንሽ ጊዜ ያዢልኝ እንደተባለ የሰው ዕቃ ትንሽ ያዘችውና፣ መኪናው ላይ፣ ማንም ምንም እንዲያስቀምጥበት እናቷ የማይወዱበት ቦታ ላይ አስቀመጠችው። እናቷ ዛሬ ምንም አላሉም። ጎንበስ ብላ ሳመቻቸው። የእህቷ የቀሚስ ማንገቻ ከትከሻዋ ተንሸራቶ ነበርና ወደ ቦታው መለሰችላት። ሙሽራው በሩ መሃል ቆሞ ስለ ስህተቱ ለፍሪጅ ሠሪው ያወራ ስለነበር «ይቅርታ» አለችው። እየሳቀ ዞር ብሎ አሳለፋት።

ፎቶ አንሺው ታች እየጠበቀ ስለነበር ወደ እሱ የወረደች መሰላቸው። አማትየዋ ስለ ብርሃንና ስለ ቆዳ የጀመሩትን ለአክስትየዋ ቀጠሉ፤ አሁን ደግሞ ሁለቱም ፊት በእኩል እንደሚያበራ፣ ቀቢዋ ሰርቃ ለሁለቱም ቀብታ እንደሆነ ይናገራሉ። ትንሿ አልሰማቻቸውም። የእህቷን ኮቴ እያዳመጠች ነበር።

ቀቢዋ በመስኮቱ አየቻት። ነጩ ቀሚስ ከሕንፃው በር ወጣ። ሹፌሩ ሲያያት ዘሎ ሪባን የታሰረበትን መኪና በር ከፈተላት፤ አልፋው ሄደች። ፎቶ አንሺው ተንበርክኮ አንድ ነገር አላት፣ ቀና በይ ሳይላት አይቀርም። ቀና እንዳለች በአጠገቡ አለፈች። የቀሚሷን ጠርዝ በሁለት ጓንት በለበሰ እጇ ሰብስባ አስፋልቱን ተሻገረች፤ አንድ ብስክሌት ቆሞ አሳለፋት። ቀቢዋ መስኮቱን ልትከፍትና ልትጣራ እጇን ዘረጋች። ምን ብላ እንደምትጣራት ስታስብ፣ ልጅቱ ከሱቆቹ ጥግ ደርሳ፣ ወደ ኋላዋ ሳታይ ዞረች።